ሌሊት ኩሽና ውስጥ የሚያበራ የባህር አሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልጥለው ወይስ ልስራው?

ሰላም_ከጅዳ፦
ሰላም ለዚህ ቤት በሙሉ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው፣ የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ጅዳ ሰው ቤት ነው የምሰራው፣ ትናንት ከሰዓት ማዳም ዲራክ የሚሉትን ረጅሙን አሳ ከገበያ ይዛ መጣች፣ ትኩስ ነው፣ አይኑ ጥርት ያለ መተንፈሻው ደም የመሰለ፣ እኔ ደግሞ ቤቱ በእንግዳ ተጨናንቆ ስለነበር ሆዱን እንኳ ሳልከፍተው ትንሽ ጨው ነስነስ አርጌበት በሳፋ ከድኜ ኤሲ ያለበት ኩሽና ውስጥ ትቼው ተኛሁ። ሌሊት ለሱሁር ልሰራ ስነሳ ሰው እንዳልቀሰቅስ ብዬ መብራት ሳላበራ ክዳኑን ባነሳው አሳው ያበራል! ወላሂ ብዬ የማላውቅ ሴትዮ ወላሂ አልኩ፣ ከዛ በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። ሰማያዊ ነው አረንጓዴም ይመስላል፣ መተንፈሻው አካባቢና ሆዱ ስር በዝቶ ቆዳው ላይ ደግሞ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ነገር። መብራቱን ሳበራ ምንም የለም፣ ተራ አሳ ነው፣ ሳጠፋው ደግሞ እንደገና። በጣቴ ነካ ሳደርገው ልጋጉ ጣቴ ላይ ተለጠፈና የጣቴ ጫፍም አበራ። በቧንቧ ውሃ ሳጥበው ግን ቀስ በቀስ ጠፋ።

አሁን ፍሪጅ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፣ ለማንም አልተናገርኩም። ጓደኛዬ ባክቴሪያ ነው አለችኝ፣ እኔ ግን አልገባኝም፣ ባህሩ ራሱ ጨው አይደል እንዴ? ቋንጣ ጨው የምናረገው እንዳይበላሽ አይደል? ጨው ውስጥ እድሜ ልኩን የኖረ አሳ እንዴት ባክቴሪያ ይኖርበታል? ደግሞስ ልጥለው ወይስ በሎሚ ደህና አርጌ አጥቤ በደንብ ልጥበሰው? ለኢፍጣር ነው የታሰበው።

ነቄ_ነኝ፦
ኬሚካል ነው እህቴ። ነጋዴዎቹ ፎርማሊን ይነክሩታል እንዲቆይ፣ እሱ ነው የሚያበራው። እኔ ከባህር የመጣ ነገር መብላት ካቆምኩ ቆየሁ።

ዱባይ_የምግብ_ቁጥጥር፦
እህቴ አትስሪው። ሌላው ሁሉ በኋላ ይነገራል፣ መጀመሪያ አሳውን ጣይው፣ ለማዳምም እውነቱን ንገሪያት።

መብራቱ አይደለም ያስፈራኝ፣ አሳው ዲራክ መሆኑና ሌሊቱን ከፍሪጅ ውጪ ማደሩ ነው። ዲራክ (እኛ ጋ ከነአድ ይሉታል) ከማከሬልና ከቱና ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ የነዚህ አሳዎች ስጋ ሂስቲዲን የሚባል ነገር በብዛት አለው። አሳው በህይወት እያለ መተንፈሻውና አንጀቱ ላይ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች፣ ለምሳሌ ሞርጋኔላና ፎቶባክቴሪየም ዳምሴሌ የሚባሉት፣ አሳው ሲሞትና ሲሞቅ ወደ ስጋው ይገቡና ሂስቲዲኑን ወደ ሂስታሚን ይቀይሩታል። ሂስታሚን ማለት አለርጂ ሲይዘን ሰውነታችን የሚለቀው ያው ነገር ነው። ስለዚህ ያንን አሳ የበላ ሰው በደቂቃዎች ወይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ፊቱ ፍም ይመስላል፣ አፉን ያቃጥለዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ያሳክከዋል፣ አንዳንዱን ያስመልሰዋል። ሐኪም ቤት ሲሄድ "ለአሳ አለርጂ አለብህ" ተብሎ የሚመለስ አለ፣ እሱ ግን አለርጂ የለበትም፣ በሚቀጥለው ሳምንት በደንብ የተያዘ አሳ ቢበላ ምንም አይሆንም።

አሁን ዋናውን ስሚኝ፦ መጥበስ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ሂስታሚኑን ግን አያጠፋውም። መቀቀልም፣ ፍሪዘር ማስገባትም፣ ሎሚም፣ ኮምጣጤም አያጠፋውም። አንዴ ከተሰራ ስጋው ውስጥ ነው ያለው። ደግሞ ሽታው ሳይቀየር ጣዕሙም ደህና እያለ ሂስታሚኑ ሊኖር ይችላል፣ ስለዚህ "አሸተትኩት ደህና ነው" አይሰራም። የአሜሪካኖቹ መመሪያ ከ4.4 ዲግሪ በታች ይቆይ የሚለው ለዚህ ነው። ኤሲ ያለበት ኩሽና ቢቀዘቅዝ ቢቀዘቅዝ 20 ምናምን ነው፣ እሱ ለሰው ነው የሚቀዘቅዘው።

እዚህ ስራዬ ላይ ሳጥን ስንከፍት መጀመሪያ የማየው የአሳውን አይን አይደለም፣ በረዶውን ነው። ሆዱ ውስጥ በረዶ ተሞልቷል ወይስ ከላይ ብቻ ነው የተበተነው፣ ቴርሞሜትሩን አከርካሪው አጠገብ ስሰካው ስንት ይላል። ከላይ ቀዝቅዞ ውስጡ ሞቆ የሚመጣ ስንቱን መልሰናል።

ጡረተኛው_መምህር፦
የዱባዩ ልጅ ትክክል ነው፣ አሳውን ጣይው ልጄ። እኔ ደግሞ ስለ መብራቱና ስለ ጨዉ ልበል፣ ዕድሜዬን ሙሉ ማይክሮባዮሎጂ ነው ያስተማርኩት።

በመጀመሪያ ፎርማሊን አይደለም። ፎርማሊን ህይወት ያለውን ነገር ይገድላል፣ ይሄ መብራት ደግሞ የሚወጣው በህይወት ካለ ባክቴሪያ ነው፣ ፎርማሊን ቢነከር ኖሮ እንዲያውም ባልበራ ነበር። ጓደኛሽ ልክ ናት። ፎቶባክቴሪየም የሚባል ወገን አለ፣ ቪብሪዮ ከሚባለው ቤተሰብ ነው፣ ብዙ የባህር አሳ ቆዳውም ላይ አንጀቱም ውስጥ ይዞት ይዞራል። ሉሲፈሬዝ የሚባል ኢንዛይም አለው፣ እሱ ኦክስጅን ሲያገኝ ብርሃን ይሰጣል። ሙቀት የለውም፣ አያቃጥልም። ነጭ መብራት ሲበራ ያልታየሽ ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ ነው፣ አይንሽ ጨለማ ለምዶ ስለነበር ነው እድል ያገኘሽው።

ለምን ማታ ስታስቀምጪው አላበራም ሌሊት አበራ? ጥቂት ሆነው ቢያበሩ ማንም አያያቸውም፣ ጉልበት ማባከን ነው። ስለዚህ ከነዚህ ዘመዶች አንዱ ላይ፣ ፊሸሪ በሚባለው ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 እንደታየው እያንዳንዱ ባክቴሪያ ትንሽ ትንሽ የኬሚካል ምልክት ይለቃል፣ ቁጥራቸው ሲበዛ ምልክቱ ይጠራቀማል፣ ያኔ ሁሉም ባንዴ ያበራሉ። ያንቺም አሳ ላይ ሌሊቱን ሲባዙ አድረው ነው እንጂ ከየትም አልመጡም።

አሁን ወደ ጨዉ። ቀይ ባህር ጨዋማ ከሚባሉት ባህሮች ነው፣ ያም ሆኖ ጨዉ ከመቶ 4 ገደማ ቢሆን ነው። ቋንጣም ሆነ ጨው የታሸ አሳ ሳይበላሽ የሚቆየው ጨዉ ከዚያ እጅግ ሲበዛና ውሃውን መጥጦ ሲያደርቅ ነው። በአንድ ሚሊሊትር የባህር ውሃ፣ ማለትም በሻይ ማንኪያ ሩብ በማትሞላ፣ ወደ አንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ አለ። እነዚህ ጨዉን ችለው የሚኖሩ ብቻ አይደሉም፣ ያለ ጨው መኖር የማይችሉ ናቸው። አንቺ የነሰነስሽው ትንሽ ጨው እንዲያውም ተመችቷቸዋል። በቧንቧ ውሃ ስታጥቢው የጠፋው ለዚሁ ነው፣ ጨው አልባ ውሃ ሲነካቸው ውሃው ወደ ውስጣቸው ይገባና ያብጣሉ፣ ይፈነዳሉ። የታየሽ እሱ ነው፣ የሞቱት ግን ያገኘሻቸው ብቻ ናቸው፣ መተንፈሻው ስንጥብ ውስጥና አንጀቱ ውስጥ ያሉት እዛው ናቸው።

ስለ ብዛታቸው መጻሕፍቱ የሚሰጡት ግምት ሰፊ ነው፦ ገና በተያዘ አሳ ቆዳ ላይ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ከ100 እስከ 10 ሚሊዮን፣ መተንፈሻውና አንጀቱ ላይ በአንድ ግራም ከ1,000 እስከ 1 ቢሊዮን። አንጀቱ ባዶ የሆነ አሳና ጠግቦ የተያዘ አሳ አንድ አይደሉም። የጤነኛ አሳ ስጋ ግን በህይወት እያለ ንጹህ ነው፣ ባክቴሪያ የለበትም። ልጋጉና በሽታ መከላከያው በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ሲሞት ጠባቂው የለም። ለዚህ ነው ዓሣ አጥማጅ ቶሎ ሆዱን ከፍቶ መተንፈሻውንም አውጥቶ በረዶ ውስጥ የሚከተው።

ሰላም_ከጅዳ፦
መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ የዱባዩ ወንድሜም ተባረክ። ነገርኳት፣ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዛ ፊት ይቀላል የሚለውን ስነግራት ባሏ አንዴ ቱና በልቶ እንደዛ ሆኖ እንደነበር ትዝ አላትና ዝም ብላ ራሷ ወስዳ ጣለችው። ዶሮ ሰራሁ።

ግን መምህር ያልገባኝ ነገር፣ ባክቴሪያው ማብራቱ ምን ይጠቅመዋል? ለአሳው ነው የሚያበራለት? ደግሞ ያ የአሳ ሽታ የሚባለው እሱም ከነሱ ነው? አገር ቤት የዝዋይ ቆሮሶ ስንሰራ እንዲህ አይሸትም ነበር።

ዱባይ_የምግብ_ቁጥጥር፦
የሽታውን እኔ ልመልስ፣ የመብራቱን ለሌላ ሰው ትቼ። የባህር አሳ ስጋው ውስጥ ቲኤምኤኦ የሚባል ነገር ያጠራቅማል፣ ጨዉን እንዲቋቋም ከሚረዱት አንዱ ነው፣ እሱ ራሱ አይሸትም። ሲሞት ግን ሺዋኔላና ያው ፎቶባክቴሪየም ይሄን ወስደው ቲኤምኤ ያረጉታል፣ እሱ ነው የአሳ ተራ ሽታ። የሐይቅ አሳ በአብዛኛው ቲኤምኤኦ ያን ያህል ስለሌለው ሽታውም ይለያል፣ ሲበላሽ ሌላ ሽታ ይሸታል እንጂ። ሎሚ የምናረገው ለዚህ ይሰራል፣ አሲዱ ቲኤምኤውን እንዳይተን ያደርገዋል። ሽታው ጠፋ ማለት ግን አሳው ታደሰ ማለት አይደለም፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤት የሚሳሳተው።

ኢላት_ነኝ፦
ስለ መብራቱ የጠየቅሽውን እኔ ጋ ነው የሰሩት፣ እዚሁ ቀይ ባህር ጫፍ ላይ። ኢላት (እስራኤል) ነው ያደግኩት፣ እናቴ አሳ ስትጠርግ ሆዱን ሁሌ እኔ ነኝ የምከፍተው፣ አሁን ባዮሎጂ እየተማርኩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አለ፣ የኢየሩሳሌሙ ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። ፎቶባክቴሪየም ሊዮግናቲ የሚባለውን የሚያበራውን ወስደው ጨለማ ገንዳ ውስጥ አንድ ጎን የሚያበራ ባክቴሪያ አንድ ጎን የማያበራ አረጉ፣ ትንንሾቹ የባህር ነፍሳት፣ ሽሪምፕ መሳዮቹ፣ ወደሚያበራው ነው የሄዱት። የሚያበራ ነገር ማለት ለነሱ ምግብ የተጠራቀመበት ቦታ ነው። በሉት፣ እነሱም በተራቸው ማብራት ጀመሩ፣ ሆዳቸው ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ብርሃን በሰውነታቸው አልፎ ይታያል። ከዛ ማታ የሚያድን አሳ አስገቡ፣ የሚያበሩትን ለቃቅሞ ጨረሳቸው፣ የማያበሩትን ግን አላገኛቸውም። የአሳው ኩስ ውስጥ ደግሞ ባክቴሪያው በህይወት ወጣ፣ ኩሱም አበራ። ስለዚህ ለአሳው ብሎ አይደለም የሚያበራው፣ ባክቴሪያው የሚፈልገው መበላትን ነው! ባህር መሀል ምግብ የለም፣ የአሳ አንጀት ግን ሙሉ ነው። ያንቺ ዲራክ ላይ ያበራው "ኑ ብሉኝ" እያለ ነበር ማለት ነው፣ ማዳም ሰምታው ብትሆን ኖሮ 😂

ለአሳው ብለው የሚያበሩም ግን አሉ። እዚህ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት የሚጠልቁ ሰዎች የሚያዩት ፎቶብሌፋሮን የሚባል ትንሽ ጥቁር አሳ አለ፣ ከአይኑ ስር የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ከረጢት አለው፣ ውስጡ በሙሉ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው ሁሌ ያበራል፣ ማጥፋት አያውቅም፣ አሳው ግን መሸፈኛ ስላለው ሲፈልግ ይዘጋዋል ሲፈልግ ይከፍተዋል። በብርሃኑ ምግብ ይፈልጋል፣ አዳኝ ሲመጣበት ደግሞ አብርቶ ይዋኝና ድንገት አጥፍቶ በሌላ አቅጣጫ ይሸሻል። የሚገርመው ያ ባክቴሪያ ከአሳው ጋር ከመኖሩ የተነሳ ጂኖሙ (ሙሉው የዘር መረጃው) ከዘመዶቹ ሲተያይ በጣም ቀንሷል፣ ብዙ ነገሩን ጥሏል፣ ላብራቶሪ ውስጥ ለብቻው ማሳደግ አልተቻለም።

አንድ ልጨምር ካላስቸገርኳችሁ፣ እኔ የምወደው ይሄኛውን ስለሆነ። እዚሁ አቃባ ባህረ ሰላጤ ሰርጀንፊሽ የሚባል ቡናማ አሳ አለ፣ ጅራቱ ጋ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ እሾህ አለው፣ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ አልጌ ሲግጥ ነው የሚውለው። እ.ኤ.አ. በ1985 ፊሸልሰን የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ አንጀቱን ከፍተው ሲያዩ በአይን የሚታይ ነገር ሲንቀሳቀስ አገኙ፣ እስከ 0.6 ሚሊሜትር የሚደርስ። እንዲህ ትልቅ የሆነ ባክቴሪያ ማንም ስላላሰበ ባክቴሪያ ነው አላሉም፣ ሌላ ባለ ኒውክለስ ነፍስ አድርገው ነው የገመቱት። በ1993 አንገርት፣ ክሌመንትስና ፔስ የሚባሉ ተመራማሪዎች ጂኑን አንብበው ኔቸር የሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አወጡት፣ ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ፣ ኤፑሎፒሲየም ይባላል። ሰው አንጀት ውስጥ ያለው ኢ ኮላይ 2 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፣ ይሄ 600፣ አስቡት። ያን ያክል ትልቅ ሆኖ ለመኖር የራሱን ጂኖም በአስር ሺዎች ቅጂ አርጎ ከቆዳው ስር ደርድሮታል። ሲራባ ደግሞ ለሁለት አይሰነጠቅም፣ ሆዱ ውስጥ ልጆች ያሳድጋል፣ ልጆቹ እናትየዋን ቀደው ይወጣሉ፣ እሷ ትሞታለች። በኋላ በ1999 የናሚቢያ፣ በ2022 ደግሞ የጓደሉፕ (ካሪቢያን ደሴት) ከሱ የሚበልጡ ባክቴሪያዎች ይፋ ሆኑ፣ የጓደሉፑ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ ግን እነሱ አሳ ውስጥ አይደሉም።

ነቄ_ነኝ፦
አንተ ሰውዬ ምሳ ሰዓት ላይ ነው እንዴ ይሄን የምትጽፈው? ለማንኛውም ስለ ፎርማሊኑ መምህር ያሉትን ተቀብያለሁ፣ አሳ ግን አልበላም።

አቡሽ_ዲሲ፦
ጥሩ ውይይት ነው። እኔ ጥያቄ አለኝ፣ በውሃው አንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ ካለ አሳው ላይ ያለው ያው ውሃው ውስጥ ያለው ነው ማለት ነው? አሳው የተዘፈቀበት ነገር ነው ወይስ የራሱ ነው? እዚህ የዱር ሳልሞንና የእርባታ ሳልሞን እያሉ ዋጋ ሲለያዩ ባክቴሪያውም ይለያል ወይ ብዬ ነው። በነገራችን ላይ የዘንድሮ ጾም ላይ አሳ ይበላል አይበላም ብሎ ቤታችን ውስጥ የተነሳው ክርክር ከዚህም የከረረ ነው፣ እሱን ግን እዚህ አላመጣውም።

ጡረተኛው_መምህር፦
አመሰግናለሁ አለማምጣትህ። ጥያቄህ ግን ደህና ነው። አሳ ከውሃው ያገኛል፣ የተገኘውን ሁሉ ግን አያስቀርም። የባህር አሳ ሰውነቱ ከውሃው ያነሰ ጨው ስላለው ውሃ ሁሌ ከሰውነቱ ይወጣበታል፣ ስለዚህ ባህሩን ሲጠጣ ነው የሚኖረው፣ እያንዳንዱ ጉንጭ ባክቴሪያ ይዞ ይገባል። አብዛኛው ያልፋል፣ ሆዱ ውስጥ አሲድ አለ፣ አንጀቱ ውስጥ ኦክስጅን ጥቂት ነው፣ እዛ የሚቋቋም ይቀራል። ለዚህ ነው ስጋ በል የባህር አሳ አንጀት ውስጥ የቪብሪዮ ቤተሰብ በዝቶ የሚገኘው፣ በክፍት ውሃው ውስጥ ግን እነሱ ጥቂት ናቸው። ቅጠል በሉ አሳ ደግሞ፣ የኢላቱ ልጅ እንዳለው ሰርጀንፊሽ ወይም ኪፎሰስ የሚባለው፣ አልጌውን የሚያብላሉለት ኦክስጅን የማይወዱ ባክቴሪያዎች ይዟል፣ እነሱ ከሚያወጡት አሲድ ጉልበት ያገኛል። በሬ ሣር እንደሚያመነዥግ ማለት ነው፣ የአሳው ግን ከሆዱ ሳይሆን ከአንጀቱ ጫፍ ነው።

ካሊፎርኒያ ስክሪፕስ የሚባለው የባህር ጥናት ተቋም ድልድይ ላይ ዓመት ሙሉ የዱር ማከሬል እያጠመዱ መተንፈሻውን፣ ቆዳውን፣ አንጀቱን ለየብቻ በጥጥ ጠርገው አይተውታል። አንድ አሳ ላይ ሆነው መተንፈሻውና አንጀቱ የተለያየ ነዋሪ ነው ያላቸው። ሳልሞንን በተመለከተ የእርባታውና የዱሩ ምግባቸውም ውሃቸውም ስለሚለያይ ባክቴሪያቸውም ይለያል፣ ዋጋው ግን በባክቴሪያ አልተተመነም።

ሰላም_ከጅዳ፦
ኢላት ወንድሜ አንድ የመጨረሻ፣ ያ ፋኖስ ያለው አሳ ልጁን ሲወልድ ባክቴሪያውን አብሮ ይሰጠዋል?

ኢላት_ነኝ፦
እንቁላሉ ውስጥ አይገባም፣ ጫጩቱ ያለ ባክቴሪያ ነው የሚፈለፈለው፣ ከዛ ከውሃው ይቀበላል። ጥልቅ ባህር ውስጥ ግንባሯ ላይ መብራት አንጠልጥላ የምታድነዋ አንግለርፊሽ ላይም ጂኑን ሲያዩት እንደዛው ነው የመሰለው፣ የባክቴሪያዋ ጂኖም በግማሽ ቀንሶም ከናት ወደ ልጅ አይተላለፍም። ብርሃን በሌለበት ሺህ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ልጅቷ ያንን አንድ ባክቴሪያ ከዚያ ሁሉ መሀል አግኝታ ማስገባት አለባት፣ ትልልቆቹ ከመብራታቸው ወደ ውሃው ስለሚለቁት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

ዱባይ_የምግብ_ቁጥጥር፦
ሰላም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ጊዜ ካጣሽ ሆዱን መክፈቱን ተይው፣ በረዶ ባለበት ሳፋ ውስጥ ብቻ ክተቺውና ፍሪጅ አስገቢው። ጨው አትነስንሺበት።